ወፍራም ዘይት

ሮቤ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሳላሀዲንን ያማክራል። ሳላሀዲን መካኒክ አይደለም፤ የስንዴ ነጋዴ ነው። ግን ጆሮ አለው። መኪናው በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ይሄ ዘይት ይበላል» ወይም «የዚህ ፍሪሲዮን አልቋል» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይስትም። ስለዚህ ሰው አመነው። ሰው ሲያምነው ደግሞ እሱም ራሱን አመነ፤ ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የራሱ መኪና ከበኩር ልጁ በዕድሜ የምትበልጥ ነጭ ላንድክሩዘር ነበረች። ሻይ ቤት ሲቀመጥ «የኔዋ ካምቢዮዋ ተከፍቶ አያውቅም» ማለት ይወዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይችንኑ አለ። ወዳጆቹ በቃላቸው ስለያዟት እሱ «የኔዋ» ብሎ ሲጀምር እነሱ ይጨርሱለታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል እንጂ ቅር አይለውም።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ከጎባ ሲመለስ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ውስጥ አንድ ቀጭን የሚያላዝን ድምፅ ሰማ። ኩሽኔታ ነው፤ ማርሾቹ የሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ተበልቷል። የሌላ ሰው መኪና ቢሆን አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር። የራሱ ስለሆነች የመንዙማውን ድምፅ ከፍ አደረገና ነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ወይ በሁለተኛ ወይ በአራተኛ ማርሽ ነው የሚያልፈው፤ በሦስተኛ አልፎ አያውቅም።

ጉልበቱ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ሲያስቸግረው መኪናዋን ለመሸጥ ቆረጠ። ወሬው ብድሬ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ኦቦ ቱፋ ደወሉ። «ሳላ፣ መኪናህን ልትሸጥ ነው አሉ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ። ለዐርብ እመጣለሁ።»

ኦቦ ቱፋ የብድሬ ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ሳላሀዲንን በዐሥር ዓመት ይበልጡታል። የተዋወቁት በላም ነው። ሳላሀዲን ሮቤ ገበያ ላይ የሳቸውን ላም ወደደ፤ ጡቷን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ በዋጋ ተስማሙና እጁን ዘረጋ። ኦቦ ቱፋ ግን የራሳቸውን እጅ ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ቆይ» አሉ። «ነውሯን ሳትሰማ እጄን አትጨብጥም። ይቺ ላም ትራገጣለች። በቀኝ የቀረባትን ትመታለች፤ በግራ በኩል እለባት።»

አጠገባቸው የቆሙትን ሁለት ሰዎች «ሰምታችኋል?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን የሰጡት። በነኦቦ ቱፋ ዘንድ ደንቡ እንደዚያ ነው። የከብቱን ነውር የደበቀ ሰው ነውሩን ይዞ ቤቱ ይገባል ይላሉ። ሳላሀዲን ላሟን ከነእርግጫዋ ገዛት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በግራ በኩል እየታለበች ልጆቹ አደጉባት።

እንግዲህ ዐርብ የሚመጡት እኚህ ሰው ናቸው። ሳላሀዲን ስለ ዋጋ አላሰበም፤ ይህን ያህል እንኳ ልመስክርለት። ያሰበው ድምፁን ነው። ኦቦ ቱፋ ለሙከራ ሲነዷት፣ ወዳጆቹ ከሻይ ቤቱ ወጥተው ሲያዩ፣ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ያ ነገር ሲያላዝን ታየው። ሃያ ዓመት የተወራላት መኪና! ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ፊቱ ቀላ።

ሐሙስ ጠዋት ጁሀራ ሱቅ ሄደ። ጁሀራ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ዘይትና ጎማ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁንም፣ ጓሮ ያለውን የዘይት መቀየሪያ ጉድጓድም እሷው ናት የምታሠራው።

«መቶ አርባ ቁጥር ስጪኝ» አላት።

«ለዲፈረንሻል ነው?»

«እ…» አለ ሳላሀዲን፣ አዎም አይደለምም ሳይል።

መቶ አርባ ወፍራም ዘይት ነው። ለከባድ መኪና ዲፈረንሻል እንጂ ለላንድክሩዘር ካምቢዮ አይሆንም፤ ለዚያውም በባሌ ብርድ። ነገር ግን ወፍራም ዘይት የተበላ ኩሽኔታን አፍ ይዘጋል። መኪና የሚያሻሽጡ ሰዎች ሁሉ ይህችን ተንኮል ያውቋታል። ሳላሀዲን ራሱ ስንቱን ገዢ «የካምቢዮውን ዘይት በጣትህ ንካው፤ ከወፈረ ሽሽ» ብሎ አድኖታል። ያን ቀን ግን ግቢውን ዘግቶ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ የገዛ ምክሩን ሲገለብጥ ዋለ። ሲጨርስ እስከ ከተማው ጫፍ ነዳት። በሦስተኛ ማርሽ ምንም ድምፅ አልነበረም። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቱ አፈረ።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ኦቦ ቱፋ መጡ። ነዷት፣ ወደዷት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጠየቁ። «ነውሯ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ሳላሀዲን ዋሸ ብል ይቀለኝ ነበር። አልዋሸም። የባሰውን ነው ያደረገው፤ ትንሿን እውነት አወጣ።

«የኋላ በሯ ብርድ ሲሆን አልዘጋ ይላል» አለ።

ኦቦ ቱፋ ከት ብለው ሳቁ። «ይሄማ ነውር አይደለም! የእኔ ቤት በርም እንደዚያው ነው!» ብለው እጃቸውን ሰጡት። ሳላሀዲን ጨበጠው።

ብድሬ ቆላ ነው፤ እዚያ ወፍራሙ ዘይት በሙቀቱ ቀጥኖ መኪናዋ ደህና ሆነች። ሦስት ወር አለፈ። ሳላሀዲንም ነገሩን ረስቼዋለሁ ማለት ሲጀምር አንድ ማክሰኞ ኦቦ ቱፋ በሩ ላይ ቆሙ። በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ የሐረና ማር ነው። ይግቡ ቢባሉ አልገቡም።

«አካም ጂርታ፣ ሳላ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አውፍ እንድትለኝ፣ ይቅር እንድትለኝ ነው የመጣሁት።»

«በምን ምክንያት፣ ኦቦ ቱፋ?»

«መኪናህን አበላሸሁብህ።»

ነገሩን ዘረዘሩ። ብድሬ ላይ ማርሹ እንደ ቅቤ ነው። ጎባ አድረው ጠዋት ሲነሱ ግን ካምቢዮው መሬት ላይ እንደተተከለ እንጨት አልነቃነቅ ይላል። በሁለት እጅ ሲገፉት ጥርሱ ይንቋቋል። ሳነቴ ተራራ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ብርዱ ከመታው ደግሞ ያው ነው። «የእኔ እጅ የከብት እጅ ነው» አሉ። «አንተ ሃያ ዓመት ስትነዳት ካምቢዮዋ ተከፍቶ አያውቅም። እኔ በሦስት ወር ጥርሷን አንቋቋሁት። ወላሂ አፍሬአለሁ።»

ሳላሀዲን ከጆሮው ጀምሮ እስከ አንገቱ ጋለ። «እጅዎ ምንም አልሆነም» ማለት ነበረበት፤ ሦስት ቃል ናት። ያለው ግን ሌላ ነው።

«ይለመዳል» አለ። ይህም አልበቃው ብሎ ምክር ጨመረ። «ጠዋት ጠዋት ካምቢዮው ሥር ትንሽ ፍም ያድርጉበት። ይፍታታል።»

ኦቦ ቱፋ አመሰገኑት። «ገለቶሚ» አሉና ማሩን አስረከቡት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው።

ማሩ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ዙሀይራ ለእንግዳ ልትከፍተው ስትል «ይቆይ» አላት፤ ለቁርስ ስትልም «ይቆይ» አላት። ስለ መኪና ሊያማክረው የመጣን አንድ ሰው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ መካኒክ ጠይቅ» ብሎ መለሰው። መስጊድ ሲሄድ የኋላውን ረድፍ መረጠ። የሰው ዐይን የሚያየው እየመሰለው ነው እንጂ ማንም ምንም አላወቀም፤ ያወቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ያም በቂው ነበር።

ወር ከምናምን ቆይቶ፣ በሐሙስ ገበያ፣ ኦቦ ቱፋ መኪናዋን ይዘው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ገብተው ተቀመጡ። የደከማቸው ይመስል ነበር።

«ልሸጣት ነው» አሉ።

«ለምን?»

«ፍሙን አደረግሁ። ጎባ ከማድርበት ቤት ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት ከሰል ተሸክሜ ስወጣ ሰፈርተኛው ይሰበሰባል። ‹ሽማግሌው መኪናቸውን እሳት ሊያሞቁ ነው› ይላሉ። ሳቁብኝ። ሳቃቸው ልክ ነው፤ በስተርጅና መሪ መጨበጥ ምን አሳየኝ?» ቀና ብለው ቀጠሉ። «የሚገዛኝ ተገኝቷል። መልአኩ የሚባል አስተማሪ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ደህና ልጅ። ነውሯን ልነግረው ይገባል። እኔ ደግሞ መኪና አላውቅም። ሃያ ዓመት የኖርክባት አንተ ነህ። ምን ብዬ ልንገረው?»

ሳላሀዲን አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ የነበረው ያው የኋላ በር ነው።

«የኋላ በሯን ነግሬዋለሁ» አሉ ኦቦ ቱፋ።

አሁን ዝም ቢል ነውሩ በእኚህ ሰው አፍ በኩል አልፎ፣ በእሳቸው እጅ ተጨብጦ፣ ለማያውቀው አስተማሪ ሊሸጥ ነው። በሕይወታቸው አንድም ከብት ነውሩን ደብቀው ያልሸጡትን ሰው ሳያውቁት አታላይ ሊያደርጋቸው ነው። ሳላሀዲን ተነሳ።

«ይምጡ፣ ኦቦ ቱፋ። መጀመሪያ ዘይቷን እንቀይር» አለ።

ጁሀራ ሱቅ ሲደርሱ ኦቦ ቱፋ በሩ ላይ የተከመረውን ጎማ ያዩ ጀመር።

«ለካምቢዮ ዘይት ፈልጌ ነበር» አለ ሳላሀዲን።

«መቶ አርባውን ነው ደግሞ?» አለች ጁሀራ።

የሳላሀዲንን ፊት አየች፤ ቀጥላ ውጭ የቆመችውን ነጭ ላንድክሩዘር አየች፤ ቀጥላ ኦቦ ቱፋን። ነገሩ ሲገባት ዐይኗን ወደ መደርደሪያዋ መለሰች።

«አይደለም» አለ ሳላሀዲን። «ቀጭኑን ዘጠና።»

ሁለት ዕቃ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ሁለቱም ዘጠና ናቸው። ይሄ አምስት የሚል የተጻፈበት ለዲፈረንሻል ነው፤ አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ይበላቸዋል። ሰው አምስት ከአራት ይበልጣል እያለ ይወስድና ያበላሻል። ያንተ ይሄ አራት የሚለው ነው፤ በብርድም አይረጋም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ግን ጋሼ ሳላሀዲን፣ ይሄን አንተ ታውቀዋለህ» አለችው።

«አውቀዋለሁ» አለ።

መኪናዋ ጓሮ ጉድጓዱ ላይ ቆማ የካምቢዮው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ አልወርድ አለ። ቆይቶ ቆይቶ እየተሳበ መጣ። ኦቦ ቱፋ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ በሌላው ጣታቸው አሹት።

«ይሄ እኔ ካመጣሁልህ ማር ይወፍራል» አሉ እየተገረሙ።

«አባቴ፣ በዚህ ብርድ ይሄን ይዘው እንዴት ነዷት?» አለች ጁሀራ።

«በሁለት እጄ» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ሳላሀዲን ወደ ግድግዳው ዞረ።

አዲሱ ዘይት ተሞላ። ኦቦ ቱፋ መሪውን ያዙ፤ ሳላሀዲን ጎናቸው ተቀመጠ፤ የጎባን መንገድ ያዙ። ሞተሩ ገና አልሞቀም፣ ቀኑም ደመና ነው። አንደኛ ማርሽ ገባ። ኦቦ ቱፋ ማመን አቅቷቸው አወጡትና እንደገና አስገቡት። ሁለተኛን በአንድ ጣት ሳቡት።

«በአንድ ጣት!» ብለው ጮኹ። «ሳላ፣ እጄ ደህና ነው! እጄ እኮ ደህና ነው! አልሃምዱሊላህ!»

ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ። ሳላሀዲን እንባው መጣበት፤ ዐይኑን ወደ ስንዴው ማሳ አዞረ። ከዚያ ሦስተኛው ማርሽ ገባ። ከእግራቸው ሥር ያ ቀጭን ድምፅ ተነሳ፤ ከአራት ወር በላይ ታፍኖ ነበርና የድሮውን አይመስልም፤ እያላዘነ አብሯቸው ሄደ። የኦቦ ቱፋ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ይሄንንስ ድምፅ» አሉ፣ «እኔ ነኝ ያመጣሁባት?»

ሳላሀዲን መልስ ነበረው። አዲስ ዘይት ሲሆን እንደዚህ ይላል፣ ኋላ ይተዋል፣ ማለት ይችል ነበር፤ ኦቦ ቱፋም ያምኑት ነበር። ስለሚያምኑት ነው መናገር ያቃተው።

«ዳር ይያዙልኝ» አለ።

መንገዱ ዳር ቆሙ። አንድ የፈረስ ጋሪ ጆንያ ጭኖ አለፋቸው። ሳላሀዲን ጋሪው እስኪርቅ ጠበቀና ጉልበቱን እያየ ተናገረ።

«እኔ ጋ እያለች ነው የጀመራት። ሁለት ዓመት አልፎታል። እርስዎ ሊመጡ ሲሉ ድምፁ እንዳይሰማ ብዬ ወፍራም ዘይት ሞላሁባት። ማርሹን ያከበደው እሱ ነው። ማር ይዘው ሲመጡም አውቅ ነበር። ፍሙን ስመክርዎትም አውቅ ነበር። እጅዎ ምንም አልነበረበትም።»

ኦቦ ቱፋ ሞተሩን አጠፉ።

«ላሟ ትራገጣለች ብዬህ አልገዛኸኝም?» አሉ።

«ገዛሁዎት።»

«ለምን ገዛህ?»

«በግራ ማለብ ስለሚቻል።»

«እኔም ብትነግረኝ እገዛህ ነበር» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። እጃቸውን መሪው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። «ጎባ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ፣ ምን ያሳፍረኝ እንደነበር ታውቃለህ? ሳቁ አይደለም። ሳላ አሁን ቢያየኝ ምን ይላል እያልሁ ነበር።»

ሳላሀዲን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መኪናዋን መልሼ ልውሰድ አለ፤ አይሆንም አሉት። «ነውሯን ካወቅሁ ለምን እሸጣታለሁ? አስተማሪውንም ቀርቷል እለዋለሁ። ኩሽኔታውን ግን ታስመጣልኛለህ።» አዲስ አበባ ደውሎ እንደሚያዝ ማለላቸው።

ቤት ሲደርሱ ኦቦ ቱፋ ከመኪናዋ ወርደው ገቡ። ዙሀይራን በደንብ ሰላም አሏት፤ ልጆቹን ጠየቁ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው እያመለከቱ «ያችን ጀሪካን አቀብይኝ፣ ልጄ» አሉ።

ዙሀይራ ግራ ገባት። «ማሩን? አልተነካም እኮ።»

«ደግ አደረጋችሁ። ይሄ ለጥፋቴ ያመጣሁት ነበር። ጥፋት የለብኝም» አሉና፣ ረስተውት የሄዱትን ጋቢ እንደሚወስድ ሰው ቀለል አድርገው ይዘውት ወጡ። ከዚያ ቤት ስጦታ ተመልሶ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ዙሀይራ ባሏን አየችው። ሳላሀዲን ያን ቀን ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት።

ኩሽኔታው ለመምጣት ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። እስከዚያ ላንድክሩዘሯ ሐሙስ ሐሙስ እያላዘነች ገበያ ትመጣለች። በሦስተኛው ሐሙስ ሳላሀዲን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልብስ ሰፊው ክብሩ ወንበሩን ስቦ መጣ።

«ኦቦ ቱፋን ስለዚያ ድምፅ ጠየቅኋቸው» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ነውሯ ነው፤ ባለቤቷ ነግሮኛል› አሉኝ። እኔ ደግሞ ካምቢዮዋ ተከፍቶ አያውቅም እያለ ሲፎክር፣ ሲሸጥ ይደብቃል ብዬ ነበር። በዚህ ዘመን ነውሩን ተናግሮ የሚሸጥ ማን አለ? ሳላሀዲን ብቻ! ሻይ ስጡት፣ በእኔ ነው!»

«ማሻአላህ» አሉ ከዳር ያሉት። አንድ ሽማግሌ መረቁት። ሻዩ መጣ። ኦቦ ቱፋ አልዋሹም፤ የተነገራቸውን ነው የተናገሩት፤ መቼ እንደተነገራቸው ብቻ ነው የተዉለት። እሱ ትንሿን እውነት ነውሩን ሊደብቅባት አውጥቷት ነበር፤ እሳቸው እሱን ሊሸፍኑባት አወጧት። ሳላሀዲን ብርጭቆውን አንስቶ ከአፉ አደረሰውና ሳይጠጣ ያዘው።

«ከሸጥኩላቸው በኋላ ነው የነገርኳቸው» አለ።

ይህን ሲል ነጯ ላንድክሩዘር ከገበያው በኩል መጣች፣ ልክ በሦስተኛ ማርሽ፤ ድምፅዋ በረንዳውን ሞላው። ክብሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አልክ?» አለው።

እስክታልፍ ሊጠብቅ ይችል ነበር። ሽማግሌው መረቁኝ ብሎ ሊተወውም ይችል ነበር። ሳላሀዲን ብርጭቆውን አስቀመጠና ተነሳ፤ ከካምቢዮው ድምፅ በላይ ጮኾ እንደገና ተናገረው።